ተግባረ እድና ምድርን የመጠበቅ ትምህርት

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ሰው የመጀመሪያ ማደሪያ ሲነግረን፣ እግዚአብሔር አምላክ አዳምን በገነት ያኖረው ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ እንደ ሆነ ያስረዳል (ዘፍ. 2፥15)። ይህን ነገር ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለ ኖርን፣ በቅደም ተከተሉ ውስጥ ያለውን ቁም ነገር ሳናስተውል እናልፈዋለን። ስለ ዕፀ በለስ የተሰጠው ትእዛዝ የሚመጣው ከዚህ በኋላ በ16ኛውና በ17ኛው ቁጥር ነው። አዳም እንስሳትን በየስማቸው የጠራበት ዕውቀትም የተገለጠው ከዚያ ወዲያ ነው (ዘፍ. 2፥19)። እንግዲህ አባታችን አስቀድሞ የተቀበለው ሥራን ነው፤ ትእዛዙና ዕውቀቱ ሥራውን ተከትለው መጡ። ገነትን ያወቃት ስለ ገነት በመስማት ብቻ ሳይሆን አፈሯን በእጁ ነክቶ፣ ተክሏን ተንከባክቦ ነው ብንል ከመጽሐፉ አሳብ የራቅን አይመስለንም።

ማበጀትና መጠበቅ የተባሉት ሁለቱ ግብሮችም አንዱ ያለ ሌላው አይቆሙም። የሚያበጅ ብቻ ሆኖ የማይጠብቅ ሰው፣ ምድሪቱ ደክማ እህል መስጠት እስክትተው ድረስ ያርሳታል። የሚጠብቅ ብቻ ሆኖ የማያበጅ ደግሞ በር ላይ እንደ ቆመ ቅጥር ዘበኛ ነው፤ ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ አያውቀውም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ምድርን ሳያራቍቱ፣ ለሚመጣውም ትውልድ ድርሻውን እያቈዩ መኖር በስብከት ብቻ የሚገኝ ትምህርት አይደለም። አበው ተግባረ እድ በሚሉት በእጅ ሥራ የሚገኝ ነው። ይህን ስንል ስብከቱ ይቅር ማለታችን እንዳልሆነ አንባብያን ይረዱልን።

የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ቤት ይህን የትምህርት መንገድ ጠንቅቆ ያውቃል። ድጓን ከመጽሐፍ ብቻ ተመልክቶ ዜመኛ የሆነ የለም፤ ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ፣ ከተማሪውም ጆሮ ወደ አንደበቱ እየተመላለሰ ነው የሚጸናው። አቋቋምም በእግርና በመቋሚያ፣ በከበሮና በጸናጽል ይለመዳል እንጂ በወሬ አይገኝም። ቁም ጸሐፊ ለመሆን የሚሻ ሰው ብራናውን ራሱ ይፍቃል፣ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል፣ ብርዑን ከሸምበቆ ራሱ ይቀርጻል። የቆሎ ተማሪ ጎጆውን ይቀልሳል፣ ውሃውን ይቀዳል፣ ዕለት ዕለትም በየደጁ ስለ እመቤታችን እያለ ይለምናል። ስለዚህ አንዲት ኩርማን እንጀራ ምን ያህል ደጅ እንደምታስጠና ያውቃል፤ ይህንም ያወቀ ሰው ፍርፋሪ ሲጥል አይታይም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ምድር፣ ስለ ውሃና ስለ ዛፍ ለማስተማር ስንነሣ ብቻ የአባቶቻችንን ልማድ ትተን በቃል መናገርን እንመርጣለን። በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ፍጥረት የ20 ወይም የ30 ደቂቃ ትምህርት ይሰጣል፤ ልጆቹም በጽሞና ሰምተው፣ መዝሙር ዘምረው ይበተናሉ። ስለ ሥነ ፍጥረት ቢጠየቁ የእያንዳንዱን ዕለት ፍጥረት ሳያዛንፉ ይቈጥራሉ፤ ከመቅደሱ በስተ ምሥራቅ የቆመው ዛፍ ወይራ ይሁን ጽድ ግን ለይተው አይናገሩም። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ያላሳየናቸውን ከየት ያምጡት!

ወደ ገዳማውያን አበው ታሪክ ብንመለስ፣ ነገሩ ይበልጥ ግልጥ ይሆናል። የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስ በበረሓ ሳለ የአሳብ ጭንቀትና ስልቹነት በጸናበት ጊዜ፣ አንድ መልአክ በሰው አምሳል ተገልጦለት፣ አንድ ጊዜ ተቀምጦ ገመድ ሲገምድ፣ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደ ገና ተቀምጦ ሲሠራ አየው። ይህንም አድርግ፣ ትድናለህ ተባለ። እዚህ ላይ መታየት ያለበት፣ መልአኩ ስለ ሥራና ስለ ጸሎት ረጅም ትምህርት አልሰጠም፤ ሠርቶ አሳየው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ያስተምር ነበር (ሐዋ. 18፥3)፤ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሥራን ስለ መውደድ በጻፈ ጊዜ በእጁ ላይ ያለው ጠባሳ ይመሰክርለት ነበር ማለት ነው።

ስለ አባ ዮሐንስ ሐፂር የተነገረውን ደግሞ በስንክሳር በጥቅምት 20 ቀን የምንሰማው ነው። መምህሩ ደረቅ እንጨት በምድር ተክሎ፣ እስኪያፈራ ድረስ ውሃ አጠጣው ብሎ አዘዘው። ውሃው ሩቅ ነበረ። አባ ዮሐንስ ግን ሳያጕረመርም 3 ዓመት ሙሉ አጠጣው፤ እንጨቱም ለምልሞ አፈራ። መምህሩ ከፍሬው ለቅሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደና የመታዘዝን ፍሬ እንዲቀምሱ ለመነኮሳቱ ሰጣቸው። ይህ ታሪክ ስለ መታዘዝ የተነገረ ነው፤ ሌላ ፍቺ እንስጠው ብንል ድፍረት ይሆንብናል። ነገር ግን ከታሪኩ ጐን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አይከለከልም። 3 ዓመት ከሩቅ ቦታ ውሃ የተሸከመ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ውሃን እንዴት ባለ ዐይን ይመለከተዋል? እንስራው ትከሻውን ያጐበጠው፣ መንገዱ እግሩን የላጠው ሰው ውሃ ሲፈስ ዝም ብሎ ማየት ይችላልን? በከተማ ያለነው፣ ቧንቧው ሳይዘጋ ሲንጠባጠብ ቢያድር ሐዘን የማይሰማን፣ ልባችን ስለ ደነደነ ብቻ አይደለም፤ ትከሻችን ስላልተማረ ነው።

በየገዳማችንም ለአመክሮ የሚገባው ወንድም አስቀድሞ የሚሰጠው መጽሐፍ አይደለም። ውሃ ቅዳ፣ እንጨት ልቀም፣ እህል ፍጭ፣ አትክልቱን ኰትኵት ይባላል። ይህ ትዕግሥቱንና ትሕትናውን ለመፈተን መሆኑ የታወቀ ነው፤ ግን በዚያው አንጻር ገዳሙ በምን እንደሚኖር ይማራል። አንድ ሸክም እንጨት ስንት ቀን እንደሚያነድ፣ ምንጩ በሚያዝያ ምን ያህል እንደሚጐድል፣ የትኛው መደብ ጎመን እንደሚያበቅልና የትኛው እንደ ደከመ፣ ይህን ሁሉ ያለ አስተማሪ ይደርስበታል። ገዳማት ያን ያህል መቶ ዓመታት በአንድ ተራራ ራስ ላይ፣ በአንዲት ምንጭ ውሃ ተወስነው መኖር የቻሉት በዚህ ነው። በጣና ዳር የሚገኘው የዘጌ ሰው፣ የአቡነ በትረ ማርያምን ቃል ኪዳን ጠብቆ ምድሩን ሳያርስ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና እያለማ መኖሩም ከዚሁ ወገን የሚቈጠር ነው። በዚያ ያለ ልጅ፣ ጥላው ከሌለ ቡናው እንደሌለ በመልቀምና በመኰትኰት ያውቀዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንምጣ። የሰሜኑን የአገራችንን ክፍል፣ ይልቁንም ደቡብ ጎንደርን፣ በበጋ ከአውሮፕላን ቍልቍል የተመለከተ ሰው፣ በቡናማው እርሻ መካከል እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሆነው የተበተኑ አረንጓዴ ነጥቦችን ያያል። በያንዳንዱ ነጥብ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ እመጓ የተባለውን መጽሐፍ በመድረሳቸው ብዙ አንባብያን የሚያውቋቸው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚያ አገር በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያደረጉት ጥናት በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ በነዚያ ደኖች ብቻ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ተገኝቷል። በዙሪያው ካለው እርሻ ላይ አብዛኛው ጠፍቷል። የቀረው በእግዚአብሔር ቤት ጥላ ሥር የተጠጋው ነው። ይህን ያቈዩልን አባቶች ስለ ደን አጠባበቅ መጽሐፍ አልጻፉም፤ እጃቸው ግን ያውቅ ነበረ።

ሆኖም ደኑ አርጅቶ ነበር ማለት ይቻላል። ታላላቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን ልጆቻቸው አይታዩም። ምክንያቱን ለማወቅ ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው በሁለት ደኖች ውስጥ ጥቂቱን ስፍራ በአጥር ከለሉ፤ ጥቂቱንም ሳይከልሉ ተዉት፤ ዘር ዘርተውም ጠበቁ። በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሞ እንደ ወጣው ውጤት፣ ከብት በማይገባበት ስፍራ የበቀለውና ጸንቶ የቆየው ችግኝ፣ ከብት ከሚግጠው ስፍራ ይልቅ እጅግ በልጦ ተገኘ። ይህንኑ መሠረት በማድረግ፣ አሜሪካዊት የደን ተመራማሪ ዶክተር ማርጋሬት ሎውማንም በገንዘብ ማሰባሰቡ እየረዱ፣ በልዩ ልዩ አድባራት በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተካበ። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ እርሻው ለሞፈሩ ቀለለ፣ ደኑም አጥር አገኘ። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ከዚህ ያለፈ ነው። ካህናቱና ሕዝቡ ከብት ደን እንደሚጐዳ ከዚያ በፊት አልሰሙም ማለት አይቻልም። መስማትና ድንጋይ በጀርባ ተሸክሞ መካብ ግን ልዩ ልዩ ናቸው። ካቡን የካበ ሰው፣ ነገ በሬው ካቡን ቢያፈርስ ሌላ ዘበኛ አያስፈልገውም፤ ራሱ ሮጦ ይመልሰዋል።

ስለዚህ ጉዳይ ከወንጌል እጅግ የሚጠቅመን፣ ጌታችን በወይን አትክልት ውስጥ ስለ ተተከለችው በለስ የተናገረው ምሳሌ ነው (ሉቃ. 13፥6-9)። መምህራን ስለ ንስሓ ዕድሜ እንደሚተረጕሙት የታወቀ ነው፤ እኛም ከዚያ አንወጣም። ነገር ግን በምሳሌው ውስጥ ሁለት ሰዎች እንዳሉ እንመልከት። ባለቤቱ ዓመታትን ቈጥሯል፤ 3 ዓመት መጥቶ ፍሬ አላገኘም፤ ስለዚህ ትቈረጥ አለ። አትክልተኛው ግን የቈጠረው ዓመት አይደለም፤ ሥሯን ያውቃል። ዙሪያዋን ቈፍሬ ፍግ እስካፈስላት ድረስ አንድ ዓመት ትቆይ ብሎ ለመነ። ምሕረቱ ከዕውቀቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ምን እንደ ጐደላት ስለሚያውቅ ሊለምንላት ቻለ። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው ነበረ እንጂ። ዛሬ በየአጥቢያው ስለ አንድ ዛፍ መቈረጥ ጉባኤ በተቀመጠ ጊዜ፣ ብዙዎቻችን የምንናገረው እንደ ባለቤቱ ነው፤ እንደ አትክልተኛው የሚለምን ሰው እየጠፋ ሄዷል።

ይህ እንዲያው ለነገር ማሳመሪያ ያልነው አይደለም። ስለ ጽድ አንድ ነገር እናንሣ። ጽድ እንደ ተምር ዛፍ ተባዕትና እንስት አለው፤ ፍሬ የምታፈራው እንስቲቱ ናት፤ ተባዕቱ በነፋስ የሚበተን ብናኝ ብቻ ይሰጣል። ዝግባና ኮሶም እንዲሁ ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው፣ አዲስ ዕቃ ቤት ለመሥራት ወይም መንገድ ለማስፋት ዛፍ ይቈረጥ ሲባል፣ ያ ፍሬ የሌለው ይቈረጥ ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱም የወንጌል ፍርድ ይመስላል። ተባዕቶቹ ሁሉ ከተቈረጡ በኋላ ግን እንስቶቹ የሚያፈሩት ዘር የሌለው ፍሬ ይሆናል፤ ደኑም ለዐይን አረንጓዴ ሆኖ ሳለ መካን ይሆናል። ዘር ለመልቀም ከዛፍ ዛፍ የዞረ፣ በአንዱ ጽድ ላይ ሰማያዊ ፍሬ አግኝቶ በሌላው ያጣ ልጅ፣ ይህን ያለ መጽሐፍ ይጠይቃል፤ ጠይቆም ያውቃል፤ ካወቀ በኋላ በጉባኤው መካከል ተነሥቶ ሊናገር ይችላል።

ስለ ባሕር ዛፍም ጥቂት መናገር ግድ ነው። ይህ ዛፍ ከአውስትራልያ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ነው፤ የማገዶ እጦት ያስጨነቃትን አዲስ አበባን ያቆማት እርሱ ነው። ዛሬም ስንት ገበሬ ቤቱን የሠራበት፣ ስንት አጥቢያ ለካህናቱ ደመወዝ የሚከፍልበት ዛፍ ነውና ልንሰድበው አንወድም። ነገር ግን ስፍራው የት ነው? በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ በወረራው ዘመን፣ ጣልያኖች ከአውሮፕላን ያነሧቸውን ሥዕሎች ከቅርብ ዘመን ሥዕሎች ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎች፣ ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያን ጊዜ በነበሩበት ስፍራ ዛሬም እንዳሉ አግኝተዋል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሰፍተው የተገኙትን በቅርብ ሲመለከቷቸው ግን፣ በዳር የተጨመረው ባሕር ዛፍ ከጥንቱ ደን ጋር ተደባልቆ ነው። ከሰማይ ሲታይ ሁሉም አንድ አረንጓዴ ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው ከሥሩ ገብቶ አፈሩን በእፍኙ የዘገነ ሰው ነው፤ ከወይራና ከዋንዛ ሥር ያለው አፈር ጥቍርና ርጥብ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለው ደረቅ ሆኖ ያገኘዋል። ባሕር ዛፍ ለገቢ የሚያስፈልገው አጥቢያ፣ ከደኑ ራቅ አድርጎ፣ ከምንጭም አርቆ በተለየ መሬት ይትከለው እንላለን።

እንግዲህ በሰንበት ትምህርት ቤት ምን ይደረግ? የምንመክረው ታላቅ ነገር አይደለም። ከቅጥሩ አንድ ማዕዘን፣ 5 ሜትር በ5 ሜትር ያህል ስፍራ፣ ለልጆቹ ይሰጥ። በዚያች ስፍራ አንድ የብስባሽ ጕድጓድና ጥቂት የችግኝ መደቦች ይኑሩ። ለጅምሩ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም።

ብስባሹ ከሁሉ በፊት የሚጀመር ነው። ጕድጓዱ አንድ ሜትር ያህል ከተቈፈረ በኋላ፣ ደረቅ ሣርና ጭድ፣ ከላዩ ርጥብ ቅጠል፣ ከላዩ ፍግ፣ ከላዩ ጥቂት አመድና አፈር እየተደረበ ይሞላል፤ ውሃም ይርከፈከፍበታል። በመካከሉ አንድ ረጅም እንጨት ይተከላል። ከሳምንት በኋላ ልጆቹ እንጨቱን ነቅለው በእጃቸው ይዳስሱት፤ ሞቆ ቢያገኙት ሥራው ተጀምሯል፤ ቀዝቅዞ ቢያገኙት ውሃ ወይም ፍግ ጐድሎታል። በየወሩ እየተገላበጠ፣ በ3 ወይም በ4 ወር ውስጥ ጥቍር አፈር ይሆናል፤ ሽታውም የደን አፈር ሽታ ነው። ፈርሶ አፈር የሚሆነውና የማይሆነው በዚህ ጊዜ በግልጥ ይለያል። ልጆቹ የጣሉት የሙዝ ልጣጭ ጠፍቶ ሲያገኙት፣ የከረሜላው መጠቅለያና የፌስታሉ ቍራጭ ግን እንደ ተጣለ ሆኖ ሲወጣ ያያሉ። ስለ ፕላስቲክ ጕዳት ከዚህ የሚበልጥ ስብከት አናውቅም። ደግሞም ሰው አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህ የተባለውን፣ አፈር እንዴት እንደሚሆን በዐይኑ ያየ ልጅ በፍርሃት ብቻ ሳይሆን በማስተዋል ይሰማዋል።

ዘሩ ከራሱ ከደብሩ ደን ይለቀም። የጽድ ፍሬ ከምድር ሳይሆን ከዛፉ ላይ፣ በስሎ ሲጠቍር ይለቀማል፤ ሥጋው ታሽቶ ይታጠባል። የወይራ ዘር በጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ስለሚኖር እንዲሁ ቢዘራ ብዙ ጊዜ ያቈያል፤ ዋናው ዘር ሳይጐዳ ቅርፊቱ በጥንቃቄ ቢሰነጠቅ ይሻላል። ዋንዛ ልጆች የሚወዱት ነው፤ ፍሬው ስለሚጣፍጥ በልተው ዘሩን ይሰጣሉ፤ እድገቱም ፈጣን ነው። ከበሮ የሚቦረቦረው ከዋንዛ ግንድ መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ በበዓል ቀን የሚመቱት ከበሮ ከየት እንደ መጣ ይገባቸዋል። ዝግባ ግን ወራት ያስጠብቃል። ዝግባ ዘርቶ በየሰንበቱ መደቡን እየተመለከተ፣ ምንም ሳያይ ውሃ የሚያጠጣ ልጅ፣ የአባ ዮሐንስን ደረቅ እንጨት ያስታውሳል ብለን እናምናለን፤ ባያስታውስ መምህሩ ያስታውሰው።

የመትከያው ጊዜ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 ያለው ጊዜ በአተ ክረምት ተብሎ፣ ስለ ዘርና ስለ ደመና የሚዘመርበት ነው። ማሕሌቱ ስለ ዘር ሲናገር እጅም ይዝራ፣ ይትከል፤ ቅዱስ ያሬድ ምን ጊዜ እንደሚዘራ ያውቅ ነበረና። ችግኙ ከመተከሉ በፊት ፕላስቲኩ መቀደድ አለበት፤ ይህን በመርሳት የተቀበሩ ስንት ችግኞች አሉ! ከላይ የተነሣው ለም አፈር ለብቻው ተቀምጦ በቅድሚያ ወደ ጕድጓዱ ይመለሳል። አንገቱ አይቀበር፤ ዙሪያው በእግር ጠበቅ ተደርጎ ይረገጥ። የመትከሉ ሥራ በዚህ ያልቃል፤ በግማሽ ቀን የሚፈጸም ነው።

ትምህርቱ ግን የሚጀምረው ገና ከጥቅምት ወዲህ ነው። ዝናቡ ከቆመ በኋላ እስከ ግንቦት ድረስ ያሉት ወራት መምህራን ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር፤ ብዙ አድባራትም ተካፍለዋል፤ መልካም ነገር ነው። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ በየካቲት ማን አጠጣ? ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ችግኝ ይያዝ፤ ስሙ በዛፉ ላይ አይሰቀል፤ ነገር ግን ደብተር ይኑረው። መቼ እንዳጠጣ፣ ስንት ቅጠል እንዳወጣ፣ ምን እንደ በላው ይጻፍበት። ለእጅ መታጠቢያ የዋለው ውሃ ሳይደፋ ለዚሁ ይዋል። ከሥሩም ደረቅ ቅጠል ይነስነስ፤ ቅጥሩን የሚጠርጉ ወንድሞች፣ ምድሩ ይጽዳ በማለት ከዛፎቹ ሥር ያለውን ቅጠል ጠርገው ባያቃጥሉት መልካም ነው፤ ያ ቅጠል የነገው አፈር ነውና። በዓመቱ፣ በሰኔ፣ የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ይቈጠር። የደረቀም ቢኖር ለምን እንደ ደረቀ ልጁ በጉባኤ ይናገር፤ ማንም አይገሥጸው።

አንዳንድ ወንድሞች፣ ይህ የመንግሥት የእርሻ ሠራተኞች ሥራ ነው፤ የካህን ሥራ ጸሎትና ቅዳሴ ነው ይላሉ። በቅንነት የሚነገር ስለ ሆነ በንቀት ልናልፈው አይገባንም። በርግጥ ካህን መቅደሱን ትቶ ወደ መደብ ይውረድ የሚል የለም። ነገር ግን ስለ ዝናማት፣ ስለ ወንዞችና ስለ ምድር ፍሬ በመቅደስ ስንለምን፣ የምንለምነው ስለ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ጸሎቱን ያጸናዋል እንጂ አያጐድለውም። ጌታችንም ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ ያዘዘው ደቀ መዛሙርቱን ነው (ዮሐ. 6፥12)፤ 12 መሶብ የሞላውም በሐዋርያት እጅ ነው። ጸበል ጻድቅ ሲፈጸም፣ ጥምቀት ሲያልፍ፣ የውሃ ፕላስቲኩና ፌስታሉ ተበትኖ በሚቀርበት ጊዜ፣ ለመሰብሰብ ያጐነበሰ ዲያቆን በሚመጣው ዓመት ከአትሮንሱ ላይ ሆኖ ስለዚህ ነገር ሲናገር የሚሰማው ያገኛል።

ሌላው ተቃውሞ፣ አስተማሪ የለም የሚለው ነው። ይህን አንቀበለውም። በገጠር ያሉ ካህናት አብዛኞቹ ሌሊት ቀድሰው፣ በሥራ ቀን ሞፈር የሚጨብጡ ናቸው። ከነርሱም ውስጥ የእያንዳንዱን ዛፍ ስም፣ ዘሩ የሚለቀምበትን ወር፣ ንብ የምትቀስመውን አበባና የማትቀስመውን ለይተው የሚያውቁ ሽማግሎች አሉ። ጧፉ የሚሠራበት ሰም ከንብ፣ ንቧም ከአበባ መሆኑን፣ ደን በጠፋበት አጥቢያም የሰም ጧፍ በፋብሪካ ሻማ እንደ ተተካ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚህ አባቶች ስለ ዕውቀታቸው ተጠይቀው አያውቁም፤ በጉባኤ መካከል ከተሜው ሰባኪ ስለ ተፈጥሮ ሲያስተምር ከኋላ ተቀምጠው ይሰማሉ። የቅኔ መምህር በዕድሜ ሲደክም ደቀ መዛሙርቱ ተሰብስበው ያልተጻፈውን ይቀበሉታል፤ የዛፍ መምህሩ ሲያርፍ ግን ማንም ሳይሰበሰብ ይቀበራል። አንድ ደብር እንዲህ ያለ አባት ካለው፣ ልጆቹን ይዞ ከርሱ ጋር በደኑ ውስጥ በእግር መዞር ነው፤ አባ፣ ይህ ማን ይባላል? ለምን ይሆናል? እያሉ መጠየቅ ነው። ለአሁኑ ስሙን ጽፎ መያዝ እንኳ ትልቅ ሥራ ነው።

ለመጪው ክረምት የሚያስብ አጥቢያ ጕድጓዱን በግንቦት መቈፈር አለበት፤ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ያንኑ ያህል ስፋት፣ አፈሩ ፀሐይና የመጀመሪያውን ዝናብ እንዲያገኝ። በሰኔ 26 ቀን ምድሩ ይርሳል፤ ያን ጊዜ ልቈፍር የሚል ጭቃ ያገኘዋል። ዶማና አካፋ በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ለመቃብር መቈፈሪያ የተቀመጠ አይጠፋም፤ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀውን አባት አስፈቅዶ እርሱኑ ማውጣት ነው።